የሬዩንዮን ደሴት የሕዝብ ትራንስፖርት

የሬዩንዮን የሕዝብ ትራንስፖርት ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ፣ በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው የሬዩንዮን ደሴት ሕዝብ በጋራ የሚመላለስባቸውን አውቶቡሶች፣ የገመድ መጓጓዣና ከዕቅድ ያላለፉትን የባቡር መስመሮች ይመለከታል። ሬዩንዮን የፈረንሳይ የባሕር ማዶ ክፍለ ሀገር ስትሆን የአውሮፓ ኅብረትም አካል ናት፤ ገንዘቧም ዩሮ ነው። ደሴቲቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የባሕር ዳርቻዋን ተከትሎ የሚሄድ ባቡር ነበራት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባቡሩን ትታ ወደ መኪና ዞረች። ከዚያ ወዲህ ሐዲድ መልሶ ለመዘርጋት ብዙ ታቅዷል፤ አንዱም ግን አልተሠራም። ዛሬ በደሴቲቱ ከሚደረጉ ጉዞዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በግል መኪና ሲሆኑ፣ የሕዝብ መጓጓዣ ከአሥር ጉዞ አንዱን እንኳ አይሸፍንም።

በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አቀማመጥና ኑሮ

የደሴቲቱ ስፋት 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ነዋሪዋ ወደ 900,000 ይጠጋል። ቁጥሮቹን ብቻ ላየ ሰው ቦታ የጠበበ አይመስለውም። ነገር ግን መሐሏ በሙሉ ተራራ ነው። ከፍተኛው ጫፍ ፒቶን ደ ኔዥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በደቡብ ምሥራቅ ያለው ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ ደግሞ እስካሁን እሳት የሚተፋ ተራራ ነው። በፒቶን ደ ኔዥ ዙሪያ በመደርመስና በጎርፍ መሸርሸር የተፈጠሩ ሦስት ታላላቅ ጎድጓዳ ስፍራዎች አሉ፤ ሳላዚ፣ ሲላኦስና ማፋት ይባላሉ። ዙሪያቸው እንደ ግድግዳ የቆመ ገደል ነው።

በዚህ ምክንያት አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረው ደሴቲቱን እንደ ቀለበት በሚዞራት ጠባብ የባሕር ዳርቻና ከዳርቻው በላይ ባሉት ተዳፋቶች ነው። ተዳፋቶቹን ደግሞ ከተራራው እስከ ባሕር የሚወርዱ ጥልቅ ሸለቆዎች ይቆራርጧቸዋል። ሁለት መንደሮች ዓይን ለዓይን እየተያዩ በመካከላቸው ሸለቆ ካለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ እስከ ዳርቻው ወርዶ፣ በዳርቻው ጥቂት ተጉዞ፣ እንደገና ሽቅብ መውጣት የተለመደ ነው። የደሴቲቱ የትራንስፖርት ችግር ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ የሁሉም ሰው ጉዞ ከየተዳፋቱ ወርዶ አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ይገናኛል።

አየሩም መንገድ ላይ ይጨክናል። በዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መዝገብ በ24 ሰዓት ውስጥ የወረደው ከፍተኛው ዝናብ፣ 1,825 ሚሊ ሜትር፣ የተለካው በ1966 በዚችው ደሴት፣ ፎክ-ፎክ በተባለ ስፍራ ነው። በፌብሩዋሪ 2007 ጋሜድ የተባለው አውሎ ነፋስ ባመጣው ጎርፍ በደቡብ በኩል የሳንት ኤትየን ወንዝ ድልድይ ፈርሶ የደቡቡና የምዕራቡ ግንኙነት ተናግቶ ነበር።

ኑሮውን በተመለከተ፣ ሬዩንዮን እስከ 1946 ድረስ ቅኝ ግዛት ነበረች። ኢኮኖሚዋ በሸንኮራ አገዳ ላይ የቆመ ነበር፤ መጀመሪያ በባሮች፣ ባርነት በ1848 ከተሻረ በኋላም በአብዛኛው ከሕንድ በኮንትራት በመጡ ሠራተኞች ጉልበት። ዛሬ በፈረንሳይ አቋም ሲለካ ከሕዝቡ ከሦስት አንድ በላይ የሚሆነው ከድህነት ወለል በታች ይኖራል፤ ሥራ አጥነቱም ከዋናው ፈረንሳይ ከእጥፍ በላይ ነው። ፓሪስ ከ9,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ብዙ ሸቀጥ በመርከብ መጥቶ በውድ ይሸጣል። የአውሮፓ ኅብረት ውል በ349ኛው አንቀጹ ሬዩንዮንንና መሰሎቿን “እጅግ ሩቅ ክልሎች” ብሎ ለይቶ፣ በርቀታቸው፣ በደሴትነታቸው፣ በስፋታቸው ማነስ፣ በመልክዓ ምድራቸውና በአየር ንብረታቸው ምክንያት የተለየ ድጋፍ ይፈቅድላቸዋል።

ከአራት ቤተሰብ አንድ ያህሉ መኪና የለውም። መኪና ያለውም ቢሆን ሁልጊዜ ስለተረፈው አይደለም የገዛው። ሥራው ባሕር ዳር፣ ቤቱ ሽቅብ ላይ ለሆነ ሰው አውቶቡሱ በማለዳ ካልደረሰለት ወይም ማታ ካልመለሰው ሌላ ምርጫ የለውም። አሮጌ መኪና በብድር ይገዛል፤ ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱና ጥገናው ከደመወዙ ትልቁን ድርሻ ይበላሉ።

የባቡሩ ዘመን

ሬዩንዮን ተፈጥሮ የሰጣት ወደብ አልነበራትም። መርከቦች ከዳርቻው ርቀው ይቆሙና ስኳሩ በጀልባ ይጫንላቸው ነበር፤ ማዕበል ሲነሣም ሥራው ይቆማል። በ1877 በወጣው ሕግ ወደብና ባቡር እንደ አንድ ሥራ ታቀዱ። በሰሜን ምዕራብ ሜዳ ላይ ሰው ሠራሽ ወደብ ይቆፈራል፣ ከየፋብሪካው ስኳሩን ወደዚያ የሚያመጣ ሐዲድም ይዘረጋል ማለት ነው።

ሐዲዱ በ1882 ተከፈተ። ከምሥራቅ ከሳን ቤኗ ተነሥቶ፣ በዋና ከተማዋ በሳን ደኒ በኩል በምዕራብ ዞሮ፣ በደቡብ እስከ ሳን ፒየር 126 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው። ከሥራው ሁሉ የከበደው በሳን ደኒና በላ ፖሴስዮን መካከል ያለው ክፍል ነበር። እዚያ ተራራው በቀጥታ ወደ ባሕር ስለሚወድቅ ለሐዲድ የሚሆን መሬት የለም፤ ስለዚህ ርዝመቱ ከ10 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ በዓለቱ ውስጥ ተቆፈረ። በዘመኑ በዓለም ካሉት ረጃጅም የባቡር ዋሻዎች አንዱ ነበር። ባለኮንትራቱ ኩባንያ ወጪውን መቋቋም ስላቃተው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባቡሩንና ወደቡን መንግሥት ወሰዳቸው።

ባቡሩ በመጀመሪያ የታሰበው ለስኳር ቢሆንም፣ ለሁለት ትውልድ ያህል ሕዝቡን ያመላለሰው እሱ ነው። ጣቢያዎቹ በተተከሉበት ከተማው ሰፋ። ሬዩንዮን በ1946 ክፍለ ሀገር ከሆነች በኋላ ግን ከፈረንሳይ የመጣው ገንዘብ በብዛት ወደ መንገድ ሥራ ገባ፤ ስኳሩንም የጭነት መኪና ወሰደው። የባቡሩ ክፍሎች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ተራ በተራ ተዘጉ። በዋሻው በኩል የሚያልፈው የመጨረሻው ክፍልም በ1963 የመኪና መንገድ በገደሉ ሥር ሲከፈት ተመላላሹን አጣ። ግራንድ ሻሉፕ በሚባለው ሸለቆ የድሮው ጣቢያና አንድ የእንፋሎት ባቡር ለቅርስነት ተጠብቀው ይታያሉ።

የዛሬውን ካርታ ለሚያይ ሰው የሚገርመው ነገር፣ የድሮው ሐዲድ የሄደበት መስመርና ዛሬ መኪናው የሚታፈንበት መስመር በአብዛኛው አንድ መሆናቸው ነው።

ከገደል በታች ያለው መንገድ

በ1963 የተከፈተው የዳርቻ መንገድ ሳን ደኒን ከላ ፖሴስዮን፣ በዚያም በኩል ከወደቡና ከመላው ምዕራብ ጋር ያገናኛል። ከዚያ በፊት ተሽከርካሪ የሚያልፈው ላ ሞንታኝ በሚባለው ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ብቻ ነበር። አዲሱ መንገድ መጀመሪያ ሁለት መስመር ነበረው፤ በ1976 አራት ሆነ። በቀን ከ50,000 በላይ ተሽከርካሪዎች ይጠቀሙበት ነበር።

መንገዱ ግን በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላ በኩል ድንጋይ የሚንከባለልበት ገደል ነው። ገደሉ በብረት መረብ ተሸፈነ፤ ብርቱ ዝናብ ሲጥልም በገደሉ በኩል ያሉት መስመሮች ተዘግተው መኪናው ሁሉ በባሕሩ በኩል ባሉት እንዲያልፍ ይደረግ ነበር። እንዲህ በሆነባቸው ቀናት ከምዕራብ ወደ ዋና ከተማዋ መግባት ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። በማርች 24 ቀን 2006 ደግሞ ከገደሉ በአስር ሺዎች ኪዩቢክ ሜትር የሚቆጠር ዓለት ተንዶ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ መንገዱም ለሳምንታት ተዘጋ። ያኔ የደሴቲቱ ሰሜንና ምዕራብ በላ ሞንታኝ ጠመዝማዛ ብቻ ተገናኝተው ከረሙ።

በዚሁ ጊዜ በምዕራብ ሌላ ትልቅ ሥራ ይካሄድ ነበር። “የታማሪን መንገድ” የተባለው 34 ኪሎ ሜትር ፈጣን መንገድ በጁን 2009 ተከፈተ። ከዳርቻው ከፍ ብሎ ሸለቆዎቹን በታላላቅ ድልድዮች የሚሻገር ሲሆን ወጪው ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ነው። ምዕራቡንና ደቡቡን በእርግጥ አቀራርቧል። ነገር ግን በሁለቱም ጫፍ ያለው መንገድ ስላልሰፋ፣ መጨናነቁ ጠፍቶ ሳይሆን ቦታ ቀይሮ ተገኘ። በደሴቲቱ ጋዜጦችና ፖለቲከኞች ዘንድ አንድ የፈረንሳይኛ አነጋገር የተለመደው በእነዚህ ዓመታት ነው፤ በአማርኛ “የትራፊክ ኮማ” እንደ ማለት ነው። ደሴቲቱ አንድ ቀን እንደ በሽተኛ ራሷን ስታ ትቀራለች የሚል ስጋት ይገልጻል።

ያልተሠራው ትራም-ባቡር

ከ1998 እስከ 2010 የክልሉን ምክር ቤት የመሩት ፖል ቨርዤስ ሐዲድ መመለስ አለበት የሚል አቋም ነበራቸው። አስተዳደራቸው ያዘጋጀው ዕቅድ ትራም-ባቡር ይባል ነበር፤ በከተማ ውስጥ እንደ ትራም በጎዳና ላይ የሚሄድ፣ ከከተማ ሲወጣ ደግሞ እንደ ባቡር የሚፈጥን ማለት ነው። የመጀመሪያው መስመር ከሴንት ማሪ በሳን ደኒ በኩል እስከ ሳን ፖል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወጪው ወደ 1.5 ቢሊዮን ዩሮ ይገመት ነበር። በጃንዋሪ 2007 ክልሉ ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር በፈረመው የማቲኞን ስምምነት ለአዲሱ የዳርቻ መንገድና ለትራም-ባቡሩ ገንዘብ ተመደበ። መሥሪያውንም የሚወስድ የኩባንያዎች ኅብረት በውድድር ተመረጠ።

በማርች 2010 በተደረገው የክልል ምርጫ ቨርዤስ ተሸነፉ። አዲሱ የምክር ቤት ፕሬዚዳንት ዲዲየ ሮበር ዕቅዱ ለክልሉ አቅም ከባድ ነው በማለት ሰረዙት። በኦክቶበር 2010 ሁለተኛ የማቲኞን ስምምነት ተፈረመ፤ ገንዘቡ ወደ አዲሱ የዳርቻ መንገድ ዞረ፤ በትራም-ባቡሩም ፈንታ “ትራንስ ኤኮ ኤክስፕረስ” የተባለ፣ ለአውቶቡስ ብቻ የተለዩ መስመሮችን የሚዘረጋ ፕሮግራም ተተካ።

ስረዛው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ደጋፊዎቹ የሚሉት ነገር መሠረት አለው፤ ሐዲዱ ዳርቻውን ብቻ ስለሚያገለግል ከዳርቻው ከፍ ብሎ ያለው ሕዝብ እስከ ጣቢያው የሚያወርደው አውቶቡስ ካላገኘ አይጠቀምበትም። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ዓመታት የፈጀ ጥናትና ውል በአንድ ምርጫ መጣሉን ያነሣሉ። ከዚህ ጸሐፊ እይታ ክርክሩ ከትራምና ከአውቶቡስ ምርጫ ይልቅ ስለ ጊዜ ነው። ሐዲድ ለመዘርጋት ከአንድ የምርጫ ዘመን በላይ ያስፈልጋል፤ በሬዩንዮን ግን የትራንስፖርት ዕቅድ የአንድ ወገን ባንዲራ ሆኖ ስለሚቀርብ ከባለቤቱ ጋር ይወድቃል። አውቶቡሱ ቀላልና ፈጣን አማራጭ ተብሎ ቢመረጥም፣ የተለዩት መስመሮችም ቢሆኑ የተሠሩት ቁርጥራጭ ሆነው፣ ብዙ ዓመታት ወስደው ነው።

በባሕር ላይ የተሠራው መንገድ

አዲሱ የዳርቻ መንገድ 12.5 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከገደሉ ርቆ በባሕሩ ላይ እንዲሄድ ታቀደ። ወጪው በመጀመሪያ 1.66 ቢሊዮን ዩሮ ተባለ፤ ከፋዮቹም ክልሉ፣ የፈረንሳይ መንግሥትና የአውሮፓ ኅብረት ናቸው። ከሳን ደኒ እስከ ግራንድ ሻሉፕ ያለው 5.4 ኪሎ ሜትር ድልድይ በፈረንሳይ በባሕር ላይ ከተሠሩት ሁሉ ረጅሙ ሲሆን በ48 ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። ምሰሶዎቹን እያነሣች የተከለችው ግዙፍ መርከብ “ዙሪት” ትባል ነበር፤ በደሴቲቱ ክሪዮል ቋንቋ የባሕሩን ባለ ስምንት እግር እንስሳ የሚጠሩበት ስም ነው፤ መርከቧም ባሕር ውስጥ የምትቆምበት ስምንት እግር ነበራት።

ቀሪው ክፍል በባሕር ውስጥ በተከመረ ድንጋይ፣ በግድብ መልክ እንዲሆን ነበር የታሰበው። እዚህ ላይ ሥራው ተሰናከለ። ግድቡ በሚሊዮን ቶን የሚቆጠር ድንጋይ ይጠይቃል፤ በደሴቲቱ ደግሞ በቂ ክፍት የድንጋይ ካባ አልነበረም። በሳን ሉ ቧ-ብላን የተባለውን ስፍራ ለካባ ለመክፈት ሲታሰብ ነዋሪዎቹ ተቃወሙ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። የጭነት መኪና ባለንብረቶች ግን ድንጋይ ማመላለሱ ሥራ ስለሚሆናቸው ለግድቡ ተከራከሩ። የተፈጥሮ ጥበቃ ወገኖችም ስለ ኮራል ዐለቱና በአካባቢው ስለሚታዩት ዓሣ ነባሪዎችና ዶልፊኖች ይሰጉ ነበር።

ድልድዩ በኦገስት 2022 በአንድ አቅጣጫ፣ በማርች 2023 ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ለመኪና ተከፈተ። እስከ ላ ፖሴስዮን የሚቀረው 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ስላልተጠናቀቀ ተሽከርካሪዎች በግራንድ ሻሉፕ ወደ አሮጌው መንገድ እየተመለሱ እንዲያልፉ ሆነ። በ2022 ለማጠናቀቂያው ተጨማሪ 420 ሚሊዮን ዩሮ የሚያስገኝ ስምምነት ተደረገ፤ ቀሪው ክፍልም በግድብ ፈንታ በድልድይ እንዲሆን ተመረጠ። በዚህም አጠቃላይ ወጪው ከሁለት ቢሊዮን ዩሮ ያልፋል።

ለሕዝብ ትራንስፖርት ጠቃሚ የሆነው ነገር የድልድዩ ስፋት ነው። በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር እንዲኖረውና ከእነሱ አንድ አንዱ ለአውቶቡስ እንዲሆን ተደርጎ ተሠራ፤ ወደፊት ሐዲድ ቢመጣ በዚሁ ላይ ለማሳለፍም ታስቧል። እንግዲህ ከ1882ቱ ዋሻ ወዲህ ሐዲድ በገደሉ በኩል የሚያልፍበት ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኝቷል ማለት ነው፤ ባቡሩ ግን የለም።

አውቶቡሶች

ከከተማ ወደ ከተማ የሚያመላልሱት ቢጫ አውቶቡሶች “ካር ዦን” ይባላሉ፤ ትርጉሙም ያው “ቢጫ አውቶቡስ” ነው። የሚያስተዳድራቸው ክልሉ ነው። በየአካባቢው ያሉት መስመሮች ግን በአምስት የተለያዩ የኮሙን ኅብረቶች ሥር ናቸው። በሰሜን ሲታሊስ፣ በምዕራብ ካርዌስት፣ በደቡብ አልቴርኔዮና ካርሱድ፣ በምሥራቅ ደግሞ ኤስቲቫል የሚባሉ አገልግሎቶች አሉ። በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ስድስት አገልግሎት፣ ስድስት ዓይነት የጊዜ ሰሌዳ ማለት ነው። ከሳን ፒየር በላይ ካለ መንደር ተነሥቶ ሳን ደኒ ሆስፒታል የሚሄድ በሽተኛ በሦስት አገልግሎቶች ተሳፍሮ ሊደርስ ይችላል። አንዱ ጥቂት ደቂቃ ቢዘገይ ቀጣዩ አይጠብቀውም። ኅብረቶቹን በአንድ ላይ ለማቀናጀትና በአንድ ትኬት ለማሳፈር የጋራ ተቋም ቢመሠረትም፣ ሥራው ከስሙ ዘግይቶ ነው የሚሄደው።

ሌላው ጉድለት ሰዓቱ ነው። ብዙዎቹ መስመሮች ማታ በጊዜ ያበቃሉ፤ እሑድና በዓል ቀንም ይሳሳሉ። በሱፐር ማርኬት ወይም በሆቴል ማታ የሚሠራ ሰው፣ በፅዳት ሥራ ገና ጎሕ ሳይቀድ የምትወጣ ሴት አውቶቡስ አያገኙም። የሕዝብ መጓጓዣ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ሰዓትና የአውቶቡሱ ሰዓት እንዲህ ሳይገጥሙ ሲቀሩ የመስመሩ ተሳፋሪ ያንሳል፤ ተሳፋሪው ማነሱም ደግሞ አገልግሎቱን ለመቀነስ ምክንያት ሆኖ ይቀርባል።

አውቶቡሱ በትክክል የሚሠራበት ቦታም አለ። በሳን ደኒ ከተማ ለአውቶቡስ ብቻ በተለየው መንገድ ላይ አውቶቡሶቹ ከመኪናው ሰልፍ ውጭ ስለሚሄዱ ጊዜያቸውን ይጠብቃሉ። የተለየ መስመር የሌለው አውቶቡስ ግን ምንም ያህል አዲስ ቢሆን መኪናው ከቆመበት ይቆማል።

ፓፓንግ

በማርች 15 ቀን 2022 በሳን ደኒ የተከፈተው የገመድ መጓጓዣ ፓፓንግ ይባላል። ስሙን ያገኘው በዚህች ደሴት ብቻ ከሚገኝና በክሪዮል በዚሁ ስም ከሚጠራ አዳኝ ወፍ ነው። ሾድሮን ከሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ተነሥቶ፣ በዩኒቨርሲቲው፣ በሙፊያና በባንኩል አድርጎ፣ ከፍ ብሎ እስካለው ቧ-ደ-ኔፍል 2.7 ኪሎ ሜትር በአምስት ጣቢያዎች ይሄዳል። 46 ካቢኖች አሉት፤ እያንዳንዱ አሥር ሰው ይይዛል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በፈረንሳይ ከተሞች ለዕለት ተዕለት ጉዞ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሲሆን፣ ብሬስት በ2016 ከከፈተችው በኋላ፣ ቱሉዝ ደግሞ የራሷን ከመክፈቷ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሥራ ጀመረ።

ገመድ የተመረጠው ለመልኩ አይደለም። የሳን ደኒ ሰፈሮች ሽቅብ የተደረደሩና በሸለቆ የተከፋፈሉ ናቸው፤ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ፣ ቤቶቹም ጥግ ለጥግ ናቸው። በዚያ ላይ አዲስ ጎዳና ለመክፈት ብዙ ቤት መፍረስ ነበረበት። ገመዱ ግን መሬት የሚነካው በምሰሶዎቹና በጣቢያዎቹ ብቻ ነው። የሚሠራውም በኤሌክትሪክ ሲሆን፣ ካቢኖቹ ሳያቋርጡ ስለሚመጡ የጊዜ ሰሌዳ መጠበቅ የለም። በአውቶቡስ ትኬት መሳፈር መቻሉም ትልቅ ነገር ነው፤ ለቱሪስት መዝናኛ ተብሎ ተለይቶ አልቀረም። የተዘረጋበት አካባቢም ደሃ የሚበዛባቸውን የማኅበራዊ ቤቶች ሰፈሮች ከዩኒቨርሲቲው ጋር ያገናኛል።

ወጪው ከ50 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው፤ በኪሎ ሜትር ሲካፈል 20 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። በባሕር ላይ የተሠራው መንገድ በመጀመሪያው ግምት እንኳ በኪሎ ሜትር ከ130 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነበር። ሁለቱ የሚሸከሙት የጉዞ ብዛት ፈጽሞ ስለማይመሳሰል ማነጻጸሩ ልክ አይደለም፤ ቢሆንም አንድ አነስተኛ ሥራ ምን ያህል ሰፈር ሊያገናኝ እንደሚችል ያሳያል። ገደብም አለው። ነፋሱ ሲበረታ ይቆማል፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣም ይዘጋል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድም ከጣቢያው ርቆ ያለውን ሰው አይጠቅምም። በሳን ደኒ ምዕራብ በኩል የቤልፒየርን የሆስፒታል ሰፈር ከላ ሞንታኝ ጋር የሚያገናኝ ሁለተኛ መስመር ታቅዶ “ፓያንኬ” የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ይህም የባሕር ወፍ ስም ነው።

ነዳጅና ኤሌክትሪክ

በኖቬምበር 17 ቀን 2018 በፈረንሳይ የተነሣው የቢጫ ሰደርያ ተቃውሞ በሬዩንዮን ከሌላው ስፍራ ይልቅ በረታ። መነሻው የነዳጅ ታክስ ነው። ተቃዋሚዎች የቀለበት መንገዱን አደባባዮች ዘጉ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ወደቡ ተስተጓጎለ። ከ24ቱ ኮሙኖች በ14ቱ የሰዓት እላፊ ታወጀ። የባሕር ማዶ ግዛቶች ሚኒስትሯ አኒክ ዥራርደን ወደ ደሴቲቱ መጡ፤ ክልሉም የነዳጅ ታክሱን ጭማሪ ለሦስት ዓመት እንዲቆም አደረገ።

ጭማሪው የታቀደው የነዳጅ ፍጆታን ይቀንሳል ተብሎ ነበር። ታክስ ሰውን ከመኪና የሚያወጣው ግን የሚሳፈርበት ሌላ ነገር ሲኖር ነው። በሬዩንዮን ከተራራው ለሚወርደው ሠራተኛ ሌላ ነገር ስላልነበረ፣ ታክሱ ልምዱን ሳይቀይር ኪሱን ብቻ ነካ። መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ መኪና የሌለው ሰው አብሮ ታሰረ፤ አውቶቡሱም የሚያልፈው በዚያው መንገድ ነውና።

የኤሌክትሪክ መኪናና አውቶቡስ እንደ መፍትሔ ሲነሣ ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ይከተላል። የደሴቲቱ የኤሌክትሪክ መረብ ከማንም ጋር አይገናኝም፤ የምትጠቀመውን ሁሉ ራሷ ታመነጫለች። ከውኃ፣ ከፀሐይና ከሸንኮራ አገዳ ገለባ የሚገኘው ኃይል ቢኖርም፣ ለረጅም ጊዜ አብዛኛው ከውጭ ከሚመጣ የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት ነበር። በዚህ ሁኔታ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ጭሱን ከጎዳናው ወደ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ያዛውር እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም። በ2023 በቧ ሩዥ፣ በ2024 ደግሞ በለ ጎል ያሉት ጣቢያዎች የድንጋይ ከሰልን ትተው ወደ ተጠቀጠቀ የእንጨት ፍርፋሪ ዞሩ። በወደቡ ያለው ትልቁ የነዳጅ ጣቢያም በ2023 ከአትክልት ዘይት ወደሚሠራ ነዳጅ ተለወጠ። ስለዚህ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ዛሬ ከበፊቱ የተሻለ ትርጉም አለው። እንጨቱም ሆነ ዘይቱ ግን በመርከብ ከሩቅ አገር ነው የሚመጣው፤ ደሴቲቱ ጭሱን ብትቀንስም ጥገኝነቱን ገና አልቀነሰችም። በኤሌክትሪክ የሚሄድ የግል መኪናም ቢሆን በጠባቡ ዳርቻ ላይ ከነዳጁ መኪና እኩል ቦታ ይይዛል።

በተራራው ውስጥ

ሲላኦስ መንገድ ያገኘችው በ1932 ነው። ከዚያ በፊት ወደ ፍል ውኃዋ የሚመጡ ሀብታም በሽተኞች ወንበር ላይ ተቀምጠው በሸክም ይወጡ ነበር። መንገዷ “አራት መቶ መታጠፊያ ያለው” ይባልለታል፤ ዛሬም ወደዚያ የሚወጣው አውቶቡስ ጠባብ ዋሻዎችን ማለፍ ስላለበት ትንሽ መሆን ግድ ነው። ዝናብ ሲበረታ ድንጋይ ይወርዳል፤ መንገዱም ይዘጋል። በእንዲህ ያለ ቦታ የተሳፋሪ ቁጥር ብቻ ቢታሰብ መስመሩ አይኖርም፤ የሚቆየው ነዋሪው ሐኪም ቤትና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመድረስ መብት አለው በሚል ነው።

ማፋት እስከ ዛሬ መንገድ የለውም። ከባርነት ያመለጡ ሰዎች መጀመሪያ የተሸሸጉበት ይህ ስፍራ ዛሬ በየመንደሩ ተበታትነው የሚኖሩ ጥቂት መቶ ነዋሪዎች አሉት። የሚገባበት በእግር ወይም በሄሊኮፕተር ብቻ ነው። ከባድ ዕቃ፣ የግንባታ ቁሳቁስና ጋዝ በአየር ይገባሉ፤ ቆሻሻም በአየር ይወጣል። የመንገድ ግንባታ ሐሳብ አልፎ አልፎ ሲነሣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው በአሳቡ ይከፋፈላሉ፤ ኑሯቸው በአብዛኛው ከእግረኛ ጎብኚዎች የሚገኝ ነውና።

የባቡር ዕቅዱ መመለስ

ትራም-ባቡሩ ከተሰረዘ በኋላም ሐሳቡ አልጠፋም። በሰሜን በኩል ሳን ደኒን ከጎረቤቶቿ የሚያገናኝ ቀላል ባቡር በዚያው በሮበር አስተዳደር ዘመን እንደገና መጠናት ጀመረ። በ2021 ምርጫ ሮበርን አሸንፈው የክልሉ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዩጌት ቤሎ ደግሞ የባቡር ትራንስፖርትን ከዋና ዕቅዶቻቸው አንዱ አደረጉት፤ ሐሳቡም ከሰሜኑ አልፎ ዳርቻውን ተከትሎ ወደ ሌሎቹ የደሴቲቱ ክፍሎች እንዲዘልቅ ነው። ገንዘቡ ግን ከዚሁ ክልል፣ ከፓሪስና ከብራስልስ መምጣት አለበት፤ የባሕሩም መንገድ ገና ሙሉ በሙሉ ተከፍሎ አላለቀም። መሬቱም ከ1882 ይልቅ ዛሬ ጠቧል። የድሮው ሐዲድ ያለፈበት ብዙ ቦታ ቤት ተሠርቶበታል፣ ወይም መንገድ ሆኗል።